የእንጨት ምድጃና ጭስ ማውጫው ተለያይተው አይገጠሙም

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ያገለገለ የብረት የእንጨት ምድጃ ገዝቼ ሳሎን ውስጥ ገጠምኩ። ከኋላው ያለው ግድግዳ በእንጨት የተለበጠ ስለሆነ ሴራሚክ ለጠፍኩበትና ምድጃውን 20 ሳንቲ ሜትር ያህል አራቅኩት። ቱቦውን ግድግዳውን በስቼ አወጣሁና ውጭ 1 ሜትር ያህል ወደ ላይ አቆምኩት። ሁለት ቀን አነደድኩ። ስለኩሰው ጭሱ ወደ ቤት ይመለሳል። በሁለተኛው ቀን ሌሊቱን እንዳይጠፋ ብዬ አየሩን ዘግቼ አደርኩ፤ ጠዋት ባለቤቴን ራሷን አመማት፣ ሁለቱ ልጆቼም ተጫጫናቸው። ምን ላስተካክል?»

ምድጃውን ዛሬ ማታ አይለኩሱት። ሌላው ሁሉ ተራ በተራ ይደርሳል፤ ይህ ግን ለነገ አይባልም።

የባለቤትዎ ራስ ምታትና የልጆቹ መጫጫን፣ አየር ተዘግቶበት ካደረ እሳት ጋር አንድ ላይ ሲታይ፣ መጀመሪያ የምጠረጥረው ካርቦን ሞኖክሳይድን ነው። እንጨት በቂ አየር ሳያገኝ ሲቃጠል የሚወጣ ጋዝ ነው፤ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ዓይን አይቆጠቁጥም። ብዙ ሰው ጭስ ካላየ አደጋ የለም ብሎ ይተኛል። ነገር ግን ነበልባሉ ጠፍቶ ፍሙ ብቻ ቀልቶ ሲቀር፣ ጭሱም ሲጠራ፣ ይህ ጋዝ በብዛት የሚወጣበት ሰዓት ያ ነው። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ካርቦን ሞኖክሳይድን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ስለዚህ ጥቂቱ ጋዝ እንኳ ለሰዓታት ሲተነፈስ ይጠራቀማል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም ያመጣል። ከጉንፋን ጋር የሚያምታታውም ይህ ነው፤ የሚለየው ትኩሳት አለመኖሩ፣ ቤተሰቡን በአንድ ጊዜ መያዙና ከቤት ሲወጡ መቅለሉ ነው።

ሕመሙ አሁንም ካለ፣ ወይም ባለቤትዎ ነፍሰ ጡር ከሆኑ፣ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። እዚያም «ቤት ውስጥ እንጨት አንድደን ነበር፣ ሁላችንንም አንድ ላይ አመመን» ብለው ይንገሩ። ይህን ካልተናገሩ ሐኪሙ ላይጠረጥረው ይችላል። ንጹሕ አየር ሲተነፈስ የጋዙ መጠን በደም ውስጥ በግማሽ የሚቀንሰው ከ4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ ዘግይቶ የተደረገ ምርመራ ምንም ላያሳይ ይችላል።

እሳቱን ዳግም ከመለኮስዎ በፊት የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ይግዙ። የጭስ ማስጠንቀቂያው ሌላ ነው፤ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም፣ ሁለቱም ያስፈልጉዎታል። አንዱን የካርቦን ሞኖክሳይድ መሣሪያ ምድጃው ባለበት ክፍል፣ ከምድጃው ከ1 እስከ 3 ሜትር ርቀት ላይ ይስቀሉ፤ ሌላውን መኝታ ቤት አጠገብ። የመሣሪያው ዕድሜ የተወሰነ ስለሆነ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ቀን ይመልከቱ። በአውሮፓ መስፈርት የተሠራው መሣሪያ ጋዙ 300 ፒፒኤም (ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል 300ው) ሲደርስ በ3 ደቂቃ ውስጥ ይጮኻል፤ 50 ፒፒኤም ላይ ግን ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ይታገሣል። ስለዚህ ጩኸቱን ከሰሙ «ስህተት ይሆናል» ብለው ባትሪውን አያውልቁ። ሁሉንም ሰው ይዘው ይውጡ፤ ሰው መቁጠሩ ደጅ ይሁን።

አሁን ወደ ጭሱ መመለስ እንምጣ። የችግርዎ ሁሉ ሥር እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ሰው ገንዘቡን ለምድጃው አውጥቶ ቱቦውን በተረፈው ይሠራዋል። ምድጃው ግን በራሱ የሚሠራው ነገር ትንሽ ነው፤ እሳቱን የሚያስተነፍሰው ጭስ ማውጫው ነው። ቱቦው ውስጥ ያለው ጋዝ ሞቃት ስለሆነ ከውጭው አየር ይቀላል፣ ይወጣል፤ ሲወጣ ከታች አዲስ አየር በምድጃው ቀዳዳ ይስባል። የመሳብ ኃይሉ በሁለት ነገር ይወሰናል፦ በቱቦው ቁመትና በውስጡ ባለው ሙቀት። የእርስዎ ቱቦ ሁለቱም የለውም። ቁመቱ አጭር ነው፤ ውጭ የቆመው ክፍልም ባዶ ላሜራ፣ ማለትም ሙቀት መከላከያ የሌለው፣ ስለሆነ ጋዙን ያቀዘቅዘዋል። በዚያ ላይ አፉ ከጣሪያው በታች ቀርቷል፤ ንፋስ ግድግዳውን መትቶ ሲመለስ ጭሱን ወደ ውስጥ ይገፋዋል።

ትክክለኛው አሠራር ቱቦው ከምድጃው ተነሥቶ በተቻለ መጠን ቀጥ ብሎ፣ በቤቱ ውስጥ በሞቃቱ በኩል አልፎ፣ በጣሪያ መውጣት ነው። ከምድጃው እስከ አፉ ድረስ 4.5 ሜትር ያህል ቁመት ቢኖረው ጥሩ ይስባል። ጣሪያውን ከሚያልፍበት ቦታ ቢያንስ 90 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ በ3 ሜትር ዙሪያ ካለ የጣሪያ ክፍል ወይም ሌላ ግንብ ደግሞ በ60 ሳንቲ ሜትር ይብለጥ። የቱቦው ስፋት ቱቦው ከሚሰካበት የምድጃው አንገት አይጥበብ። መታጠፊያ የግድ ካስፈለገ ከሁለት አይብለጥ፤ አግድም የሚሄድ ክፍል ካለም አጭር ሆኖ በእያንዳንዱ ሜትር ቢያንስ 2 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ ይዘንብል። የቱቦዎቹ መጋጠሚያ ሦስት ሦስት ብሎን ይኑረው። የላይኛው ቱቦ ጫፍ ወደ ታችኛው ውስጥ ይግባ እንጂ ከላዩ አይጥለቅ። ብዙ ሰው ጭስ እንዳይሾልክ ብሎ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ነገር ግን ቱቦው በደንብ እየሳበ ከሆነ ጭስ በመጋጠሚያው አይወጣም፣ ወደ ታች የሚወርደው ጥቁር ፈሳሽ ግን ይወጣል።

ሌላም አለ። እሳት አየር ይበላል። 1 ኪሎ ደረቅ እንጨት ለመቃጠል በጥቂቱ 5 ሜትር ኩብ አየር ይፈልጋል፤ በተግባር የሚያልፈው ከዚህም ይበልጣል። ቤቱ በደንብ የተዘጋ ከሆነ፣ ይህ አየር ከየት ይምጣ? ማእድ ቤት ውስጥ ሽታ የሚያወጣ ማራገቢያ ካለ ደግሞ ሁለቱ ይሻማሉ፤ ማራገቢያው ብዙ ጊዜ ያሸንፋል፣ ጭሱም በምድጃው በኩል ወደ ቤት ይሳባል። ለማረጋገጥ ቀላል መንገድ አለ። ምድጃው ቀዝቃዛ እያለ በሩን ከፈት አድርገው የተለኮሰ ክብሪት ያስጠጉ። ነበልባሉ ወደ ውስጥ ከዘነበለ ቱቦው ይስባል፤ ወደ እርስዎ ከዘነበለ አየሩ እየወረደ ነው። ያን ጊዜ መስኮት ከፍተው ይድገሙት። መስኮቱ ሲከፈት ከተስተካከለ ቤትዎ አየር አጥሮታል ማለት ነው፤ ሊዘጋ የማይችል የአየር ማስገቢያ ያሠሩ።

ወደ ግድግዳው ልመለስ፤ በደብዳቤዎ ውስጥ ከራስ ምታቱ ቀጥሎ ያስደነገጠኝ እሱ ነውና። ሴራሚኩ እንጨቱን አይከላከልለትም። ሴራሚክ አይቃጠልም እንጂ ሙቀት ያስተላልፋል፤ እንጨቱ ላይ ተለጥፎ ሲሆን ሙቀቱን ተቀብሎ ለእንጨቱ ያስረክባል። እንጨት እንዲቀጣጠል ነበልባል መንካት የለበትም። ጤነኛ እንጨት ለመቀጣጠል ወደ 250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈልጋል እንላለን፤ ለወራትና ለዓመታት ከ100 ዲግሪ ብዙም በማይርቅ ሙቀት ሲጠበስ ግን ባሕርዩ ይለወጣል፣ ከሰል እየመሰለ ይሄዳል፣ ከቀድሞው በጣም ባነሰ ሙቀትም ሊቀጣጠል ይችላል። አንድ ቤት ውስጥ የምድጃ ቱቦ አጠገብ ያለውን የእንጨት ልባጥ ስነቅል ያየሁትን አልረሳውም። ፊት ለፊቱ የተቀባው ቀለም አላረረም፣ ትንሽ ቢጫ ብቻ ብሏል። ገልብጬ ጀርባውን ሳየው ጥቁር ነው። በጥፍሬ ስፍቀው እንደ ከሰል ተፈረፈረ፤ ጣቴ ላይ ጥላሸቱ ቀረ። ባለቤቶቹ ሦስት የቅዝቃዜ ወቅት ሙሉ እያነደዱ ከአጠገቡ ተቀምጠዋል፤ ምንም አልሸተታቸውም።

የርቀቱን ነገር በቁጥር ልንገርዎ። ምድጃው የአምራቹ መመሪያ ካለው እዚያ የተጻፈው ርቀት ይሠራል። ያገለገለ ስለሆነና መመሪያ ከሌለው፣ ከሚቀጣጠል ነገር ሁሉ 90 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ባዶው ላሜራ ቱቦ ደግሞ ከግድግዳም ከኮርኒስም 45 ሳንቲ ሜትር። ለ90 ሳንቲ ሜትር ቦታ ከሌለዎት መፍትሔው ጋሻ ነው፦ ላሜራ ከግድግዳው 2.5 ሳንቲ ሜትር ርቆ፣ በማይቃጠል መደገፊያ ላይ ታስሮ፣ ከታችም ከላይም ክፍት ሆኖ። መደገፊያዎቹ በትክክል ከምድጃው ኋላ አይሁኑ፤ ወደ ዳር ይሁኑ። ሥራውን የሚሠራው ላሜራው ሳይሆን ከጀርባው ያለው ክፍተት ነው፤ ቀዝቃዛ አየር ከታች ገብቶ ሞቆ ከላይ ይወጣል፣ ግድግዳው ጋር የሚደርሰውን ሙቀት ይዞት ይሄዳል። እንዲህ ያለ ጋሻ በትክክል ሲሠራ 90ውን ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ያወርደዋል። የእርስዎ 20 ግን በጋሻም አይበቃም። ክፍተቱን በሲሚንቶ ወይም በሌላ ነገር ከደፈኑት ጋሻው ጋሻነቱ ይቀራል።

ግድግዳውን የበሱበት ቦታ ከሁሉ የባሰ ነው፣ ይፍረስ። ባዶ ላሜራ ቱቦ በእንጨት ግድግዳ ወይም በኮርኒስ ውስጥ ፈጽሞ አያልፍም። እዚያ የሚያልፈው ለዚሁ የተሠራ፣ በሁለት ብረት መካከል ሙቀት መከላከያ የታሸገበት ቱቦ ነው፤ እሱም ቢሆን ዙሪያውን አምራቹ የሚያዘው ክፍተት፣ ብዙ ጊዜ 5 ሳንቲ ሜትር፣ ባዶ ሆኖ ይቀመጥለታል። ይህን ክፍል ለባለሙያ ይስጡት። በየአገሩ ደንብ አለ፤ ብዙ ቦታ ፈቃድና ምርመራ ይጠይቃል፣ የቤት መድን ያለው ሰውም ሳያሳውቅ ቢገጥም በጉዳት ጊዜ ሊከለከል ይችላል።

ወለሉን በሁለት ቃል፦ ከምድጃው በር ፊት 45 ሳንቲ ሜትር፣ በጎንና በኋላ 20 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ የማይቃጠል ንጣፍ። እግሩ አጭር ከሆነ ከሥሩም ሙቀት መከላከያ ይፈልጋል።

ምድጃው ያገለገለ ስለሆነ መልሰው ከመግጠምዎ በፊት ይመርምሩት። ማታ ክፍሉን አጨልመው የበራ ባትሪ ውስጡ ያስቀምጡና በሩን ይዝጉ፤ ብርሃን የሚሾልክበት ሁሉ የተሰነጠቀ ወይም የላላ ነው። አየር እንዳይገባ በሩን የሚያሽገውን የዙሪያ ገመድ ደግሞ በወረቀት ይፈትኑ፤ ወረቀቱን በበሩና በአፉ መካከል አድርገው ይዝጉ፣ ይሳቡ። በቀላሉ ከወጣ ገመዱ አልቋል። መለወጥ ቀላል ነው፤ ካልተለወጠ ግን አየሩን ዘጋሁ ሲሉ እሳቱ በዚያ በኩል እንደ ልቡ ይስባል። የተሰነጠቀ የብረት አካል ካገኙ፣ ለዚያ ምድጃ የከፈሉትን እንደጠፋ ይቁጠሩት።

አየር ዘግቶ ማሳደርን በተመለከተ መልሴ አይሆንም ነው፤ ምክንያቱን ግን ልዘርዝር፣ ምክንያቱን ያልያዘ ሰው በቀዝቃዛ ሌሊት ተመልሶ ያደርገዋልና። እንጨት ሲነድ የሚነደው በአብዛኛው እንጨቱ ራሱ ሳይሆን ከእሱ የሚወጣው ጋዝ ነው። መጀመሪያ ውሃው ይተናል፤ ቀጥሎ ሙቀቱ ከ200 ዲግሪ ሲያልፍ እንጨቱ እየፈረሰ ጋዝ ይተፋል፤ ያ ጋዝ በደንብ የሚቀጣጠለው ወደ 600 ዲግሪ ሲጠጋና አየር ሲያገኝ ነው። አየሩን ሲዘጉ ሙቀቱ ይወርዳል፣ ጋዙ መውጣቱን አይተውም፣ ሳይቃጠል ወደ ቱቦው ይሄዳል። ማገዶዎን ግማሹን በጭስ ሸኙት ማለት ነው። ያ ጭስ ከ120 ዲግሪ ገደማ በታች የቀዘቀዘ ቱቦ ሲያገኝ ላብ እንደሚያወጣ ግድግዳ ይረጥብና ጥቀርሻ ሆኖ ይጋገራል። ባለሙያዎች ክሪኦሶት ይሉታል። መጀመሪያ እንደ ዱቄት ነው፣ በብሩሽ ይረግፋል፤ ቀጥሎ እንደ ቅርፊት ይሆናል፤ በመጨረሻ እንደ ቀለጠ ሬንጅ የሚያብረቀርቅ ጠንካራ ልባስ ይሠራል፣ ብሩሽም አይነካውም። ሲያዩት ጌጥ ይመስላል፤ ነዳጅ ነው።

ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ማስጠረግ ያስፈልጋል። 6 ሚሊ ሜትር ከሆነ ሳይጠረግ አንድም እሳት አይነደድ። የሚያብረቀርቀው ዓይነት ከታየ ደግሞ ልኩን አይጠብቁ፣ ጠራጊ ይጥሩ። በዓመት አንድ ጊዜ፣ የቅዝቃዜው ወቅት ከመግባቱ በፊት፣ ሁልጊዜ ይጠረግ፤ በአዲስ ምድጃ የመጀመሪያው ዓመት ግን በየወሩ ገደማ ይመልከቱት፣ የራስዎ አነዳድ ምን ያህል እንደሚያጠራቅም የሚያውቁት እንዲያ ነው።

ጥቀርሻው አንድ ቀን ከተቀጣጠለ በድምፁ ያውቁታል። ቱቦው እንደ ባቡር ያጓራል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ላሜራው ሊቀላ ይችላል፣ ከላይ ብልጭታ ይረጫል። ውስጡ ከ1000 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። የምድጃውን በርና የአየር መክፈቻውን ሁሉ ይዝጉ፣ ሰዎቹን ያስወጡ፣ እሳት አደጋ ይጥሩ። በጋለ ቱቦ ላይ ውሃ አይድፉ፤ ይሰነጠቃል፣ እንፋሎቱም ያቃጥላል። እሳቱ በራሱ ቢጠፋ እንኳ ጭስ ማውጫው በባለሙያ ሳይታይ ዳግም አይነደድበትም።

ታዲያ ጥቀርሻን ከሥሩ የሚያስቀረው ምንድን ነው? ደረቅ ማገዶና ሕያው ነበልባል። አሁን የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ እስከ ግማሹ ውሃ ሊሆን ይችላል። ከእንዲህ ያለው 10 ኪሎ ሲጨምሩ 5 ሊትር ውሃ እሳቱ ላይ አፈሰሱ ማለት ነው፣ እሱን ለማትነን ብቻ ከ3 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ሙቀት ይባክናል። የሚፈለገው እርጥበቱ ከ20 በመቶ ያነሰ ማገዶ ነው። ተፈልጦ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ከላይ ብቻ ተሸፍኖ፣ ጎኑ ለንፋስ ክፍት ሆኖ ይከመር። እንደ እንጨቱ ዓይነትና እንደ አየሩ ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ይፈጃል። የእርጥበት መለኪያ ርካሽ ነው፤ ግን ከውጭ አይለኩ፣ ውጩ ቶሎ ይደርቃልና ያታልላል። አንዱን ፍልጥ እንደገና ሰንጥቀው በአዲሱ ፊት ላይ መለኪያውን ይትከሉ። መለኪያ ከሌለ ሁለት ፍልጥ ያጋጩ። ደረቁ ጥርት ያለ፣ የሚያስተጋባ ድምፅ ይሰጣል፤ እርጥቡ ድብ ይላል። ጫፉ ከመሃል ወደ ዳር ከተሰነጣጠቀና ልጡ በእጅ ከተላቀቀ ጥሩ ምልክት ነው። ፍልጡን ጉንጭዎ ላይ ያስጠጉት፤ አዲስ የተሰነጠቀው ፊት ከቀዘቀዘዎት ገና ውሃ አለበት።

ቀለም የተቀባ፣ ምስጥ እንዳይበላው በኬሚካል የታከመ፣ ቺፑድ፣ ፕላስቲክና ቆሻሻ ወደ ምድጃው አይግባ። አንዳንዱ የታከመ እንጨት አርሴኒክ አለበት፤ ጭሱም አመዱም መርዝ ነው። ቤንዚንና ላምባ ለመለኮሻ አይታሰብም።

የነበልባሉን ነገር በአለኳኮስ ይጀምሩ። ወፍራሙን ፍልጥ ከታች፣ ቀጭኑን ከላዩ፣ ጭራሮውን ከሁሉ በላይ ያድርጉና ከአናቱ ይለኩሱ። እሳቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከታች የሚወጣው ጭስ በነበልባሉ ውስጥ ለማለፍ ይገደዳል፣ ይቃጠላል። ቱቦውም ቶሎ ይሞቃል፤ ያ የመጀመሪያው የጭስ መመለስ በአብዛኛው በዚህ ይቀራል። እሳቱ እስኪበረታ አየሩን ሙሉ ከፍተው ይቆዩ፤ ከዚያ ይቀንሱ፣ ነበልባሉ እስኪሞት ግን አይዝጉ። በሩ መስታወት ከሆነና ከጠቆረ፣ ወይም ውጭ ወጥተው ከቱቦው አፍ ወፍራም ጭስ ካዩ፣ አየር አንሷል ወይም እንጨቱ እርጥብ ነው። ከመተኛትዎ በፊት አዲስ አይጨምሩ፤ እሳቱ ነዶ ይለቅ፣ ፍሙ ሙሉ በሙሉ እስኪከስም የአየር መክፈቻውን አይዝጉበት።

አመድ ጠፋ ሲሉት አይጠፋም። ረመጥ በአመድ ተሸፍኖ ለቀናት፣ አንዳንዴ እስከ 4 ቀን፣ ሊቆይ ይችላል። ክዳን ባለው የብረት ባልዲ ይፈሱት፤ ባልዲውን ደጅ፣ ከቤቱ ራቅ አድርገው፣ በማይቃጠል ነገር ላይ ያስቀምጡት። ቤት ውስጥ የተቀመጠ ባልዲም ያንኑ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል። ካርቶን፣ ጆንያና ፕላስቲክ ባልዲ ለዚህ ሥራ አይሆኑም።

ልጆችዎ ትንንሾች ከሆኑ ግድግዳው ላይ የሚታሰር የብረት ፍርግርግ በምድጃው ዙሪያ ይትከሉ፤ «አትንኩ» ማለት ለሚድህ ልጅ አይበቃም። ልብስ ማድረቂያና ማገዶ ክምሩን ቢያንስ 1 ሜትር ያርቁ።

ቱቦው በጣሪያ ከወጣ፣ ጋሻው ከቆመ፣ ማስጠንቀቂያዎቹ ተሞክረው ከጮኹ በኋላ፣ በመጀመሪያ ቀን ትልቅ እሳት አያንድዱ። በትንሽ ጭራሮ አንድ ሰዓት ያህል፣ አቀዝቅዘው በማግስቱ ትንሽ ጨምረው፣ በሦስተኛው ቀን ሙሉውን። ምድጃው ወይም ቱቦው አዲስ ቀለም ካለበት ሲጠነክር ይሸታል፤ መስኮት ይከፈት፣ ልጆቹ ሌላ ክፍል ይሁኑ። በእያንዳንዱ ቀን እሳቱ በበረታ ጊዜ መዳፍዎን ከጋሻው ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ ያሳርፉ። ያለ ችግር እጅዎን ማቆየት ከቻሉ ጥሩ ነው። ማቆየት ካቃተዎ እሳቱ ነዶ ይለቅ፤ በማግስቱ ክፍተቱን እንደገና ይለኩ፣ ልኩንም ይጻፉልኝ።